የእግሩ ባለቤት ስም
(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎችና ጋዜጠኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

እሑድ ከሰዓት ከልጆቻችሁ ጊዜ ወስዳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የሥራ ፈረቃ ተለዋውጣችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፊት ለፊቴ በንጉሡም በደርግም ዘመን ካሜራ ይዘው የሠሩ አባቶች ተቀምጠዋል። ከኋላ ደግሞ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ይታዩኛል። ዛሬ የምናገረው ለሁለታችሁም ነው።

አዘጋጆቹ “ስለ ስደትና ስለ ፎቶ ጋዜጠኝነት ተናገር” ሲሉኝ የራሴን ታሪክ እንዳወራ ፈልገው ነበር። ከራሴም አልፎ አልፎ አነሳለሁ። የመጣሁት ግን የሌላ ሰው ታሪክ ይዤ ነው። አልፍሬድ አይዘንስቴት ይባላል። በጀርመን የተወለደ ይሁዲ ነው፤ ከአገሩ ተሰዶ እዚህ አሜሪካ መጥቶ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ታላላቅ የፎቶ ጋዜጠኞች አንዱ ሆኗል። ስሙን የማታውቁት እንኳ ቢያንስ አንድ ፎቶውን አይታችኋል። እና ይህ ሰው፣ ከስደቱ በፊት፣ እኛ አገር መጥቶ ነበር።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከየት ተነሣ? ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ ገብቶ ምን አየ? ሦስተኛ፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ ምን ሆነ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። አይዘንስቴት የተወለደው በዲሴምበር 1898 ዲርሻው በምትባል የምዕራብ ፕሩሲያ ከተማ ነው። ከተማዋ ያኔ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት፤ ስሟም ትቼቭ ነው። ቤተሰቡ ወደ በርሊን የሄደው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው አጎቱ የኮዳክ ካሜራ ሰጠው። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ልጁ ለመድፈኛ ጦር ተመለመለ። በ1918 ፍላንደርስ ግንባር ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ሁለቱንም እግሮቹን መታው። ሁለቱንም እግሮቹን! ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንደ ልብ እስኪራመድ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። በዚያ የማገገሚያ ጊዜ ሙዚየም እየሄደ የድሮ ሠዓሊዎችን ሥራ ያይ ነበር፤ ብርሃን ፊት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የተማረው ከዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ገንዘቧ ወረቀት ሆነ፤ የቤተሰቡም ሀብት አብሮ ቀለጠ። እናም ወጣቱ ምን ሠራ? የልብስ ቁልፍና ቀበቶ እየዞረ ሸጠ። አዎ፣ ቁልፍና ቀበቶ! ሃያዎቹን ዕድሜ ከሞላ ጎደል በሻጭነት ነው የጨረሰው፤ ፎቶ በትርፍ ጊዜው የሚያነሳው ነገር ነበር።

በ1927 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ አንዲት ሴት ቴኒስ ስትጫወት ከከፍታ ላይ ሆኖ አነሳት። ረጅም ጥላዋ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። ፎቶውን ለአንድ ወዳጁ ሲያሳየው፣ ወዳጁ “ለምን ዳርና ዳሩን ቆርጠህ፣ ሴትዮዋንና ጥላዋን ብቻ አታጎላውም?” አለው። አይዘንስቴት ፎቶ እየጎላ መታተም እንደሚችል የተረዳው ያኔ ነው። ጎላ፣ ታተመ፣ ለአንድ የበርሊን ጋዜጣ ተሸጠ። ስንት ተከፈለው? 3 ማርክ! በ1929 መጨረሻ ሻጭነቱን ተወና ሙሉ ጊዜውን ፎቶ ጋዜጠኛ ሆነ። የመጀመሪያ ሥራው ስቶክሆልም ሄዶ ደራሲው ቶማስ ማን የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ማንሳት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፓርኪንግ ያልሠራ፣ ታክሲ ያልነዳ፣ ሆቴል ያላጸዳ ስንት ሰው አለ? እኔ አዲስ አበባ በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ቆይቼ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ የፓርኪንግ ነበር። ከምድር በታች፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሌሊት። ከኔ ጋር ፈረቃ የሚለዋወጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ አገር ቤት የታሪክ መምህር የነበሩ። ካሜራዬን ከጠረጴዛው ሥር አኑሬ ሲያዩኝ “ለምን ይዘኸው ትመጣለህ? ማንን ልታነሳ ነው?” አላሉኝም። “ደህና አድርገህ ያዘው” ነው ያሉኝ። እኔም ትኬት የሚያቀብሉ እጆችን፣ በመስታወቱ ላይ የሚያርፈውን የመኪና መብራት፣ የእሳቸውንም ፊት ሌሊቱን ሙሉ አነሳ ነበር። በደብዛዛ ብርሃን ያለ ፍላሽ መሥራትን ያጠናከርኩት እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ስለራሴ ለማውራት አይደለም። ከእናንተ መካከል ዛሬም የሌሊት ፈረቃ ላይ ያላችሁ ልጆች አላችሁና ነው። ሰውየው ቁልፍ ሲሸጥ ዓይኑ አልቦዘነም። የእናንተም አይቦዝን። ሥራችሁ የኪራይ ገንዘብ ይሁን፤ ዓይናችሁ ግን የራሳችሁ ነው!

ወደ ታሪኩ። ከ1929 እስከ 1935 ባሉት ዓመታት አይዘንስቴት የሠራውን ሥራ ሌላው በዕድሜ ልኩ አይሠራውም። በ1932 ሳንክት ሞሪትዝ ላይ አስተናጋጅ መጠጥ ደርድሮ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ያነሳው ፎቶ አለ። እንዴት ጥርት አድርጎ እንዳነሳው ልንገራችሁ፤ ለወጣቶቹ ይጠቅማል። በረዶው ላይ ወንበር አስቀመጠ፤ ካሜራውን ወንበሩ ላይ አነጣጥሮ አጠራው፤ አስተናጋጁን “በዚህ ወንበር አጠገብ እለፍልኝ” አለው። ሲያልፍ ጠቅ! ይኸው ነው። ዛሬ ካሜራችሁ ዓይን ተከትሎ ራሱ ያጠራል፤ አስቀድሞ ማሰብን ግን አሁንም የሚያስብላችሁ ካሜራ የለም።

በሴፕቴምበር 1933 በጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ስብሰባ ሰሞን፣ የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ በሆቴል አትክልት ስፍራ ተቀምጦ አገኘው። ጎብልስ ቀና ብሎ ካሜራውን ያየበት ዓይን እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ያለው ጥላቻ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ናዚዎች የጋዜጣ አዘጋጆችን የሚመለከት ሕግ አወጡ፤ በዚህ ሕግ ይሁዳውያን ከጋዜጠኝነት ሙያ እንዲወጡ ተደረገ። አስቡት፤ ሥራህን ማንም ሳይነቅፍ፣ ደምህ ብቻ ተቆጥሮ ከሙያህ ስትባረር!

በጁን 1934 ደግሞ ቬኒስ ላይ ሂትለርና ሙሶሊኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ አይዘንስቴት በቦታው ነበር። ሙሶሊኒ ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ ደረቱን ነፍቷል፤ ሂትለር ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ሁለቱ ሲጨባበጡ አነሳ። ይህንንም ያዙልኝ። ሙሶሊኒን በቅርብ ያየ ዓይን በዓመቱ ሙሶሊኒ ሊወጋን ሲዘጋጅ እኛ አገር ገባ።

ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ።

ወልወል ላይ ግጭቱ የተነሣው በዲሴምበር 1934 ነው፤ በእኛ ኅዳር 1927 ዓ.ም.። ጦርነት እንደሚመጣ ዓለም ሁሉ አውቋል። ጋዜጠኛ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር። አይዘንስቴትም አሶሺዬትድ ፕሬስ ለሚባለው የዜና ድርጅት እየሠራ በ1935 መጣ። ከ3 ሺህ በላይ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዓለም ጨርሶ ያልረሳው አንድ አለ።

ያላያችሁት ካላችሁ ልግለጸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ምሽግ ውስጥ በደረቱ ተኝቷል፤ ተኩስ ለመክፈት ባለው አቀማመጥ። ፎቶ አንሺው ከኋላው ነው። ፊቱ አይታይም። የሚታየው እግሩ ነው። ሁለት ባዶ ውስጥ እግር፣ ወደ እኛ የዞረ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጭቃ የበላው፣ ተረከዙ እንደ ክረምት መሬት የተተረተረ። ሌላ ምንም የለም። ያ እግር ፎቶውን ሞልቶታል።

አንድ ጊዜ ይህን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ በአንድ የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ ሰቀልኩት። አንድ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰው መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙና ተቆጡ። “ይህን አውርድልኝ! ነጭ መጥቶ ባዶ እግራችንን ለዓለም አሳየ፤ አዋረደን። አንተ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ቆይተህ ታሳየዋለህ?” አሉኝ። ሰዉ ዝም አለ። ንዴታቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ አልተከራከርኳቸውም፤ ወንበር አቅርቤ አብረን ተቀምጠን ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየነው።

ያኔ ለእሳቸው ያልኩትን አሁን ለእናንተ ልበል። ፎቶው ንቀት ነው ወይስ አክብሮት? እስቲ ካሜራው የት እንደነበረ ተመልከቱ። ሊንቅህ የመጣ ሰው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነሳህ። ይህ ካሜራ ግን መሬት ላይ ወርዷል፤ ከእግሩ እኩል ሆኗል። ምሽግ ውስጥ ወታደር ከወታደር ኋላ ሲሳብ የሚያየውን ነው ያነሳው። እና ያንን እይታ ማን ያውቀዋል? ምሽግ ውስጥ የነበረ ሰው! እንድትይዙልኝ የነገርኳችሁን አስታውሱ። ይህ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሁለቱንም እግሮቹን ፍንጣሪ የበጣጠሰው ሰው ነው። እሱ ራሱ “በዚህ ምክንያት ነው ያነሳሁት” ማለቱን አላነበብኩም፤ ይህ የኔ ግምት ነው። ግን እኔ ፎቶውን ባየሁት ቁጥር የማየው የቆሰለ ወታደር የሌላውን ወታደር እግር ሲያይ ነው። ሌሎቹ ጋዜጠኞች ጎፈሩን፣ ጋሻውን፣ ጦሩን ፍለጋ መጡ። እሱ እግሩን አየ። መከራችን ዓይናችንን ይመራዋል፤ ስደተኛ የሆንን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

ያ እግር በኋላ ምን ገጠመው? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። በታኅሣሥ ገደማ የመርዝ ጋዝ መጠቀም ጀመሩ። ኢፐሪት የሚባለው መርዝ በየመንገዱና በየቁጥቋጦው ላይ ሲረጭ ባዶ እግሩን የረገጠው ገበሬና ወታደር ውስጥ እግሩ ተላጠ፣ ተቃጠለ። ጫማ የሌለው ሠራዊት ላይ መሬቱን መርዝ ማድረግ! ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ይህን በዝርዝር ተናገሩ። ሊናገሩ ሲነሡ በፉጨት የረበሿቸው እነማን ነበሩ? የጣልያን ጋዜጠኞች! የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህን አትርሱ። አንድ ጋዜጠኛ ምሽግ ውስጥ ወርዶ የተበደለውን እግር ይመዘግባል፤ ሌላው ጋዜጠኛ የተበደለው እንዳይናገር ያፏጫል። ሁለቱም የፕሬስ መታወቂያ ነበራቸው።

ስለዚህ ለእኒያ አባት “ፎቶው አያዋርደንም” አልኳቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በፎቶው ሥር ያለው መግለጫ “የኢትዮጵያ ወታደር እግር፣ 1935” ነው የሚለው። በቃ። ስሙስ? ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ከየት መጣ? ከማይጨው ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ? የዓለም ሙዚየሞች የሚያውቁት እግር ባለቤቱ አይታወቅም! አንሺው ቋንቋውን አያውቅም፤ ጊዜም አልነበረው ይሆናል፤ ያኔ የዜና ድርጅቶች ለአፍሪካዊ ወታደር ስም ቦታ አይሰጡም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው። ስሙ ግን ጠፋ። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” እንላለን አይደል? የዚህ ሰው እግሩ ከመቃብር በላይ ዋለ፤ ስሙ ግን አልዋለም።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ስም! ስም! ስም!

አዲስ አበባ በምሠራበት ጋዜጣ ፎቶ የሚያጥቡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ከጨለማው ክፍል ሲወጡ እጃቸው ሁልጊዜ የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ይሸት ነበር። ጋሼ አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ ነበራቸው። ማንኛውም ፎቶ አንሺ ፊልም ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ “በየትኛው ቁጥር ላይ ማን አለ?” ብለው ይጠይቃሉ። የሚኒስትሩን ስም ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው የሚጠይቁት ከኋላ ወንበር የያዘውን ዘበኛ፣ ሰልፍ ላይ የቆመችውን ተማሪ፣ ድንች የምትሸጠውን ሴት ነው። ስም፣ ቀን፣ ሰፈር። ሁሉም ይማረሩባቸው ነበር፤ ሰዓት ይደርሳላ!

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዲት ሴት ወደ ቢሮው መጣች። ወንድሟ በወጣትነቱ ጠፍቶ የቀረ ነው፤ ቤቷ ውስጥ አንድም ፎቶ የላትም፤ ይባስ ብሎ የእናቷ ቤት ተቃጥሎባታል። “አንድ ጊዜ በስፖርት ውድድር ላይ ጋዜጠኛ አንስቶታል ይባላል” አለች። እኔ መዝገቡን ወረድኩ። ስሙን አገኘሁት፤ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ የአባቱ ስም ጭምር። ኔጋቲቩን ከፖስታው አውጥተን ባጎላነው ጊዜ የመጨረሻውን መስመር ሊያልፍ የደረሰ ልጅ፣ አፉን ከፍቶ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ። ሴትየዋ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች። ያቺ ሴት ወንድሟን ያገኘችው በካሜራ ጥራት ነው? በሌንስ ነው? ሰውየው ስም በመጻፋቸው ነው!

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ዝናው በብዙ ቦታ ተጽፏል። አይዘንስቴት በ1935 ኒው ዮርክ ገባ። ያኔ ከበርሊን የተባረረው የፎቶ ሰው ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት ሦስት ጀርመናውያን ስደተኞች ብላክ ስታር የሚባለውን የፎቶ ድርጅት ኒው ዮርክ ላይ አቋቋሙ። በቡዳፔስት የተወለደው ሮበርት ካፓ በበርሊንና በፓሪስ አልፎ በ1939 ደረሰ። በሪጋ የተወለደው ፊሊፕ ሃልስማን በ1940 ቪዛ ያገኘው አይንስታይን ረድተውት ነው። የአሜሪካን ፎቶ ጋዜጠኝነት ከገነቡት ብዙዎቹ አነጋገራቸው የሌላ አገር ቅላጼ ያለው፣ ወረቀታቸው ያልተጠናቀቀ ሰዎች ነበሩ። ካፓ እንዲያውም አሜሪካ ጦርነት ስትገባ የሃንጋሪ ዜጋ በመሆኑ የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ተመዘገበ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ደግሞ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ኖርማንዲ ባሕር ዳር ላይ እየተተኮሰበት ፎቶ ያነሳ ነበር። “አነጋገሬ ያሳፍረኛል፣ ማን ያስገባኛል?” የምትሉ ልጆች እዚህ ካላችሁ ይህን አስቡ።

ላይፍ መጽሔት በኖቬምበር 1936 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አራት ፎቶ አንሺዎች አንዱ አይዘንስቴት ነበር፤ የሁለተኛው እትም ሽፋን የእሱ ፎቶ ነው። ከዚያ በኋላ ከ90 በላይ ሽፋኖች ሠራ። ቁመቱ አጭር ነበር፤ የሚይዘው ላይካ የምትባል ትንሽ ካሜራ፣ ብርሃኑም ቦታው ላይ ያለው ብርሃን። ትልልቅ ሰዎች ፊት ሲቀርብ እንደ ወዳጅ እንጂ እንደ ፎቶ አንሺ አይቀርብም ነበር። በዲሴምበር 1945 ሂሮሺማ ፍርስራሽ ውስጥ እናትና ልጅ አነሳ። በ1963 ፓሪስ ውስጥ የአሻንጉሊት ትያትር የሚያዩ ሕፃናትን አነሳ። ትያትሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲገድል! ሁሉም ሰው ወደ መድረኩ ሲያይ እሱ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ የልጆቹን ፊት አነሳ፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ጆሮዋን ይዛለች፣ አንዱ በደስታ አፉን ከፍቷል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ላይ ጊዮርጊስን ስንት ጊዜ አይተናል! ጊዮርጊስን የሚያዩትን ግን ስንቶቻችን አንስተናል? ለጥምቀት፣ ለመስቀል፣ ካሜራችን ሁሉ ታቦቱና ደመራው ላይ ነው። ዞር በሉ፤ የአሮጊቷን እልልታ አንሡ።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ፎቶ ልምጣ። ኦገስት 14 ቀን 1945፣ ጃፓን እጅ ስትሰጥ፣ ታይምስ አደባባይ ላይ አንድ መርከበኛ ነጭ የለበሰችውን ሴት ደግፎ ሲስማት። ይህ የአይዘንስቴት ነው። አሁንም ስም የለም! ግርግር ነበር፤ እየሮጠ ነበር ያነሳው። ፊታቸው በደንብ አይታይም። መጽሔቱ በ1980 “እነማን ናችሁ?” ብሎ ሲጠይቅ አሥራ አንድ ወንዶችና ሦስት ሴቶች “እኔ ነኝ” ብለው ወጡ። ክርክሩ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ሴቲቱ ግሬታ ዚመር ፍሪድማን እንደነበረች ነው። ነርስ አልነበረችም፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። ከኦስትሪያ በ1939 በልጅነቷ የተሰደደች ይሁዲ ናት፤ ወላጆቿ በናዚ እልቂት አልቀዋል። ስሟ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ፦ መሳሙን እሷ አልመረጠችም፤ ሰውየው ድንገት መጥቶ ነው የያዛት።

ይህን ልብ አላችሁ? ስም በሌለበት ጊዜ ፎቶው የፍቅር ምልክት ነበር፤ በየፖስተሩ ተሸጠ። ስም ሲመጣ ሰው መጣ። ስደተኛ መጣች፣ ወላጆቿን ያጣች መጣች፣ “እኔን አልጠየቀኝም” የምትል መጣች። ስደተኛው ፎቶ አንሺ ስደተኛዋን አነሳት፤ ያን ቀን ሁለቱም እርስ በርስ ሳይተዋወቁ አለፉ።

አይዘንስቴት በ1979 ጀርመን ተመልሶ ሄዶ ፎቶ አነሳ፤ ሰማንያ ዓመቱ ነበር። በ1993 የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ቤተሰብ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ አነሳ። በኦገስት 1995 እዚያው ደሴት ላይ በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ የኛን ጉዳይ ላንሣ። የኢትዮጵያ ፎቶ ታሪክ ራሱ በስደተኛ ነው የጀመረው ብል ብዙ አልሳሳትም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። የእኛ ሰው ደግሞ ወደ ውጭ ሄደ። ሽመልስ ደስታ በንጉሡም በደርግም ጊዜ በቤተ መንግሥት ካሜራ ይዘው ከሠሩ በኋላ በ1982 ወደ ለንደን ተሰደዱ፤ ፎቶዎቻቸው ለንደን ላይ ለሕዝብ የታዩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የኛን ታሪክ የያዘው ኔጋቲቭ አሁን የት ነው ያለው? ግማሹ በየስደቱ አገር ነው! አባቶቼ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ፣ የእናንተ ቤት ውስጥ ነው! ከአልጋ ሥር፣ ከመሬት በታች ባለው እርጥብ ክፍል፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ፎቶ አንሺ ስለሆንኩ ሳይሆን እንደ ልጃችሁ እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ ሣጥኑን ክፈቱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ኔጋቲቭ ካገኛችሁ እየሞተ ነውና ከሌላው ለዩት፤ ቀድሞ ስካን የሚደረገው እሱ ነው። የቀረውን ከምድር ቤቱ አውጡትና ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት። ፕላስቲኩን ፖስታ ተዉት፤ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጫን ብላችሁ አትጻፉ፤ በፊት በኩል ይታተማል። በለስላሳ እርሳስ፣ ከዳር፣ ቀስ ብላችሁ። ማን ነው፣ የአባቱ ስም፣ መቼ፣ የት። ግማሹን ብቻ ብታውቁ ግማሹን ጻፉ። ሠርጉ ላይ ቆማ የምታስተናግደውን ልጅም ስሟን ጻፉ፤ ሙሽሮቹን ብቻ አይደለም!

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ ዲጂታል ስለሆነ ነገሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። ፋይላችሁ ውስጥ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ አይፒቲሲ ይባላል። ስንቶቻችሁ ትሞሉታላችሁ? ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉት ጽሑፉ ሊገፈፍ ስለሚችል ዋናውን ፋይል እቤታችሁ ከነመግለጫው ያዙ። ሰው ስታነሡ፣ ካነሣችሁ በኋላ ካሜራውን አውርዱና “ስምዎን ማን ልበል?” በሉ። በሰልፉም፣ በቡና ቤቱም፣ በለቅሶውም። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ሆነ ሶማሊኛ፣ ስሙን በትክክል እንዲጽፉላችሁ ማስታወሻ ደብተር አቅርቡላቸው። አይዘንስቴት ቋንቋችንን አያውቅም ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ። ታዲያ እናንተ ምን ምክንያት አላችሁ?

ከአዳራሹ በስተቀኝ ሁለት ስካነር ተተክሏል፤ ልጆቹ እስከ ምሽት ይቆያሉ። ዛሬ ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች ቀድማችሁ ሂዱ፤ አጠገባችሁ የሚቀመጥ፣ እናንተ የምትነግሩትን ስም የሚጽፍ ወጣት ተመድቦላችኋል። ፎቶው የእናንተ ነው፤ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ፤ ቅጂውን ማን ያያል የሚለውንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሳይጽፍ ስካን የሚያደርግ ልጅ ካያችሁ ጥሩኝ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። እዚያ በመስኮቱ በኩል እናታችን እጃቸውን አንሥተዋል፤ ማይክሮፎኑን ለእሳቸው አድርሱልኝ። እማማ፣ ከጥያቄዎ በፊት ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩን።